አራተኛው ጣሳ

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? ወገብሽስ? ከረጢቱን ሁሉ ብቻሽን እንደምታነሺ ሰምቻለሁ። እናትሽ ጓዳ ገብታ በስልክ ስታወራሽ እኔ ጆሮዬን አልደፍን። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። የኔ የደም ግፊት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ በደብተር እይዘዋለሁ። ውሻሽ ሽማግሌውም ደህና ነው። እሱን መጨረሻ ያደረግኩት አስቤበት ነው፤ የምጽፍልሽ በሱ ጉዳይ ነው።

ከተኳረፍን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። የቢሮ ሥራሽን ትተሽ «ሥጋና አትክልት አድርቄ የውሻ ምግብ እሸጣለሁ» ያልሽኝ ቀን፣ «ያስተማርኩሽ ውሻ ቀላቢ እንድትሆኚ ነው?» ያልኩሽን አልረሳሁትም። አንቺም አትረሺውም።

ባለፈው ወር ሽማግሌው ጥርሱ አለቀና መብላት አቆመ። በሦስተኛው ቀን ጎድኑን በዓይኔ ቆጠርኩት። ውሻሽ ሞተ ብዬ በእናትሽ ላስነግርሽ ነው? አቅፌው የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። አፉን ከፍታ አየችና፣ «አባባ፣ ሆዱ ደህና ነው፣ ማኘኩ ነው ያቃተው። የደረቀ የተፈጥሮ ምግብ ገዝተው በውሃ እያራሱ ይስጡት። ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ሥዕል አይመኑ፣ ጀርባውን ያንብቡ» አለችኝ።

ሱቅ ሄጄ ሦስት ዓይነት ገዛሁ። ልብሴን ቀይሬ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለው አራት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ቆጠራ አይሳሳትም፤ ቢሆንም አራቱንም አሰለፍኳቸው።

በመጋዘን ደንብ ሠራሁት። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። በስሙ እንዳላዳላ ምግቡን አራት ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ቁጥር ለጠፍኩ፤ ከረጢቶቹን እንድታነብልኝ ለእናትሽ ሰጠኋት።

አንደኛው፦ ፊቱ ላይ «ተፈጥሯዊ» ብሎ በትልቁ ጽፏል፤ ጀርባው ላይ ቀድሞ የተጻፈው የበቆሎ ዱቄት ነው። ቀድሞ የሚጻፈው ደግሞ የሚበዛው ነው። ውድቅ።

ሁለተኛው፦ የሽንኩርት ዱቄት አለበት። ሽንኩርት ውሻን እንደሚመርዝ ሐኪሟ ነግራኛለች። ውድቅ። እንዲያውም ከቤት አወጣሁት።

ሦስተኛው፦ ሥጋው ደህና ነው፣ ግን ቀይ ቀለም ጨምረውበታል። ውሻ ቀላ አልቀላ ምን ቸገረው? ቀለሙ ለገዢው ነው። ይቆይ።

አራተኛው፦ የበሬ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዱባ፣ ካሮት። «ሌላስ?» አልኳት። «ሌላ የለም።» «ጨውስ?» «የለም አልኩህ እኮ! እኔን ስታጭ እንኳ እንዲህ አልመረመርክም!» ድምጿ ኮራ ያለ መሰለኝ።

ቀመስኩት። አዎ፣ እኔው ራሴ። ያልቀመስኩትን አላስገባም።

ከዚያ ጉድ ሠራሁ። አዘገጃጀቱን ሳላስነብብ ሳህኑን በደረቁ ሞልቼ ውሃ አፈሰስኩበት። አብጦ አብጦ ከሳህኑ ወጣና ወለሉን ያዘው። እናትሽ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ሰፈሩን ልትጋብዝ ነው?» አለችኝ። እንባዋን ጠርጋ አዘገጃጀቱን አነበበችልኝ፦ «ለብ ባለ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ውሃውን አስቀድመው የእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ ያድርጉት፤ ካቃጠለ ለልጅም ለውሻም አይሆንም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

እናትሽ ሥራ ስትገባ ወተትሽን የማሞቀው እኔ ነበርኩ። አንጓዬ ላይ ጠብ ሳላደርግ ሰጥቼሽ አላውቅም። «ካቃጠለ ለልጅ አይሆንም» የምለውን ካደግሽ በኋላ ሳይቀር እየደገምሽ ታሾፊብኝ ነበር። ቀና ብዬ እናትሽን አየኋት። እሷ መስኮቱን ታያለች።

ውሃውን አሞቅኩ፣ አንጓዬ ላይ ጠብ አደረግኩ፣ አሥር ደቂቃ በሰዓት ያዝኩ። ሽማግሌው አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ደግሞ አሸተተ። ከዚያ ሳህኑን በምላሱ እየገፋ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ጎድኑ አሁን አይቆጠርም።

ዛሬ ባዶውን ከረጢት ሥራ ቦታ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር፣ «ጋሼ፣ ደግሞ ምሳዎ ይሄ ሆነ?» ብሎ አላገጠብኝ። «ቀምሼዋለሁ፣ አንተ ከምትበላው ይሻላል። የሠራችው ልጄ ናት!» አልኩት። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እስከዛሬ ቢሮ ትሠራለች እያልኩ ነበር የምነግራቸው።

አስተያየት አለኝ፣ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የከረጢቱ አፍ ላላ ይላል፤ እርጥበት እንዳያስገባ ይጥበቅ። ሁለተኛ፣ የጀርባው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ እንደኔ በመነጽር የሚያነብ ገዢ አለ። ሦስተኛ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ከረጢት ማንሳት አሁንም እችላለሁ።

አድራሻሽንም ያገኘሁት እዚያው ጀርባው ላይ ነው። የገዛሁት ሦስት እንደነበር ማወቄን ግን ለእናትሽ አትንገሪያት። ያልቆጠርኩ መስሏታል፤ ደስታዋን አንንጠቃት።

የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው።

የውሻ ቀላቢዋ አባት