ሲሚንቶ የለበሰው ግቢ

ይድረስ ለልጄ ጸደንያ፤ ሰላምታዬ ከሀና ማርያም ተነሥቶ ጅጅጋ ደጃፍሽ ይድረስ። እኔና እናትሽ ተመስገን አለን።

ሳላስበው የጡረታዬ ውዝፍ ሰማንያ ሺህ ብር ወጣልኝ። የእናትሽ ሐኪም ከእንግዲህ ሕክምና አይረዳትም፣ ወደ ቤት ውሰዳት ስላለኝ፣ በዚህ ገንዘብ ሌላ ሐኪም ላሳያት አሰብኩ። እናትሽ ግን፣ "ተወው መኩሪያ፤ ግቢውን ሲሚንቶ አስለብስበት። ሰው ሲመጣ ጭቃ ላይ እንዳይቆም" አለችኝ።

"ማን ሊመጣ ነው?" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። ሌላ ሐኪም እንዲያያት ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኳት፤ እሺ አላለችም።

ትናንት ግንበኞቹ ጨረሱ። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼላት አየችው። "ሰፊ ነው፤ ይበቃል" አለች። እኔ እስካሁን አልረገጥኩትም።

ልጄ፣ ትምህርት እስኪዘጋ አትጠብቂ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደሽ በዚህ ሳምንት ነይ። ማርያም በሰላም ታግባሽ።

አባትሽ መኩሪያ