ከቆርቆሮው ማዶ ስትፈራ

ታሪኬ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው እንዴት ነህ ይባላል እንዴ ብዬ ተውኩት። እኛ አለን። አንተ ከሄድክ ይኸው በዚህ በሰው አገር አምስተኛው ዝናብ ሰፈራችንን ማንጋቴንን ጭቃ አድርጎታል። ሞተረኛው እስከ በር አላደርስም ስለሚል ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ቤቴ የምገባው። አማራት ሰፈር ያለው ሆቴል ሥራዬን መልሶልኛል፤ አሁንም የእንግዳ አንሶላ እተኩሳለሁ። ልጅህ ሀሴት ትባላለች። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተን ጠብቄ ቢሆን እስካሁን «ሚጣ» ነበር የምትባለው። ግንባሯ ያንተ ነው፣ ግትርነቷም ያንተ። ከእኔ የወሰደችው ጸጉሬን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳበጥራት ታለቅሳለች።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ቆርቆሮው ልነግርህ ነው።

በዚያ በበሽታው ጊዜ ሆቴሉ ተዘግቶ እኔ ሆዴን ይዤ ቤት ስቀመጥ፣ አንተ ከወንዙ ወደብ መዋል አልቀረህም። የእህል ጀልባ በሽታ አለ ብሎ አይቆምም፤ ይገባል፣ ጭነቱን የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል። ያኔ ነው በሽታውን እንዳላስይዛችሁ ብለህ ወደ ጎን ክፍል የወጣኸው። መሃላችን ያለው አንድ ግድግዳ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ምግብህን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ዞር ስል ታነሳዋለህ። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ተናፈቅን።

አመሻሽ ላይ ጀርባዬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ስቀመጥ፣ አንተ ከማዶ ተንበርክከህ ታጉተመትማለህ። ቃሉ አይለይም፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል። በልሳን የምትጸልይ መሰለኝ። ደስ አለኝ እኮ! ቸርች ውስጥ ሲንበረከክ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው በመከራ ጊዜ ጌታ ነካው አልኩ። ለጸሎት ቡድናችን መሪ ለእህት ወይንሸት ደውዬ ሳይቀር ጉራዬን ነዛሁባት። አንተ ድምፅህን ከፍ ባደረግክ ቁጥር እኔ ከወዲህ «አሜን» እልልሃለሁ።

ፈራሁ ተባብለን አናውቅም። ፍርሃትን በአፍ ማውጣት ለጠላት በር መክፈት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ጸጥ ሲልብኝ አልነገርኩህም። የታጠበ ጨርቅ መልሼ መላልሼ ሳጥብ እጄ እንደተላጠም አልነገርኩህም። እንዴት አደርሽ ስትለኝ በጌታ ሰላም ነኝ እልሃለሁ፤ አንተም ያንኑ ትመልስልኛለህ። ሁለት ውሸታሞች ነበርን።

ከዚያ አተኮሰህ፣ ወሰዱህ፤ ሳላይህ በላስቲክ ተጠቅልለህ ተቀበርክ። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። ሀሴትን የወለድኳት ብዙም ሳልቆይ ነው። ጡት ላጥባ፣ ገላዋን ላጥብ ስል እንባውም ሳይመጣ ቀረ።

ዘንድሮ ግን ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ የማገኛት አንድ ቦታ ሆነ፤ ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጥታ። የምትጠብቃት ጎረቤቴ ብትጎትታትም አትነሳም። ታጉተመትማለች። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ያን ድምፅ የት ሰምታው? ማዶ ያለው ክፍል ካንተ ወዲህ ሰው አልገባበትም። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ የእሷ ቃል ይለያል። «ሸራውን ሳቡት፣ እጁ ወጥቷል» ትላለች። አንድ የሚነግራት ሰው እንዳለ ጆሮዋን ታዘነብልና ትቀጥላለች፤ «ያዘኝ። እናትሽ እንዳትሰማ።» አሻንጉሊቷን ፌስታል ታለብሳትና እጇን ወደ ውስጥ ታስገባላታለች። ምግብ አልበላ ብላ ከሳች። እህት ወይንሸት ሰምታ መንፈስ ነው፣ መውጣት አለበት አለች። ሰዎች ይዛ ልትመጣና በጸሎት እላይዋ ላይ ሊጮሁ ቀን ቆረጡ። ልጄን እንዳላጣት ፈርቼ እሺ አልኩ።

በዚህ መሃል ጋትሉዋክ መጣ፤ ጋምቤላ ያደገው የወደብ ጓደኛህ። አንተ እንደሞትክ ማላካል ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዶ ስለነበር ልጅህን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሻይ ሰጥቼው ቁጭ እንዳልን ሀሴት ከጥጓ «ሸራውን ሳቡት» አለች። ብርጭቆውን አፉ ጋ ሳያደርሰው ቀረ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይሄን ማን ነገራት?» አለኝ።

እሱ እንደነገረኝ፣ ያኔ አንድ የጀልባ ሠራተኛ ሲያስል ሰንብቶ ሞተ፤ አንተና ጋትሉዋክ ሸራ አልብሳችሁ አወረዳችሁት። የሬሳው እጅ ሾልኮ ክንዴን ያዘኝ ብለህ ነበር። «ሬሳ ነው፣ እንዴት ይይዝሃል ብለው አልሰማኝም» አለ። «ካላስ፣ በቃ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩ ልክ አልነበረም። አይተኛም። ለሚስትህ ንገራት ስለው፣ እሷ እርጉዝ ናት፣ በቆርቆሮው በኩል ሁሉንም ለልጁ እነግረዋለሁ አለኝ።»

ጸሎት አልነበረም ለካ። አንተ ሞት ያዘኝ እያልክ ነው እኔ አሜን የምልህ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ያን ጊዜ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ጋትሉዋክ ብቻውን ለቀስተኛ ሆኖልኝ እስኪመሽ ተቀመጠ። በማግስቱ እህት ወይንሸትን እንዳትመጪ አልኳት። ተቀይማለች።

ትናንት ከሰዓት ሀሴትን ከቦታዋ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኳትና እኔ ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጠሁ። ጠዋቱን ሙሉ ሲዘንብ ስለነበር ቀዝቅዟል። አንዲት ቦታ ብቻ፣ የተንበረከከ ሰው አፍ በሚደርስበት ላይ፣ ትሞቅ ነበር። እጄን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ትሞቃለች። ልጸልይ ብል አንድም ቃል አልመጣልኝም።

«ታሪኬ፣ እኔም ፈርቼ ነበር» አልኩ።

ሀሴት ቀና ብላ አየችኝ። «ለአንቺ ይንገርሽ?» አለች። አዎ አልኳት። ከጭኔ ወርዳ ሄደችና ትታው የነበረውን ምሳዋን በላች።

እባክህ ከእንግዲህ ለልጅቷ አትንገራት። ትንሽ ናት፤ ትብላ፣ ትጫወት። ያላለቀልህን ሁሉ ለእኔ ንገረኝ። ለሰው ያወራሁለትን ያን ጸሎተኛ ሰውዬ እረሳዋለሁ፤ የፈራኸውን አንተን ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ሀሴት ስታድግም አባቷ ፈርቶ እንደነበር ከእኔ አፍ ትሰማዋለች።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ከማዶ ማጉተምተም ጀምረሃል።

ሚስትህ ትዕግሥት