ያልተጻፈው አርባ ስምንተኛ ጎል፦ የወይዘሮ ሠርክ ገብረመድህን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርክ ገብረመድህን ከአባታቸው ከአቶ ገብረመድህን ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተድላ በሐረርጌ፣ ሚኤሶ ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። የጣቢያው ሠራተኞች እሁድ እሁድ ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ ኳስ ይጫወቱ ስለነበር ወይዘሮ ሠርክም በልጅነታቸው መጫወት እጅግ ያምራቸው ነበር። እናታቸው ግን ሴት ልጅ ኳስ ስትራገጥ አላየሁም ብለው ከለከሏቸው። አባታቸው ልጃቸው ስታለቅስ አይተው፣ «በይ አንቺ ጎል ቁጠሪልን» በማለት እርሳስና ወረቀት ሰጧቸው። ወይዘሮ ሠርክ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ፣ «አንድ ቀን እንኳ ብሮጥበት ምን ነበር» ይሉ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚኤሶ፣ ሁለተኛ ደረጃን በድሬዳዋ ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1978 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ፤ ለአሥር ዓመታትም በሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገለገሉ። በጥር 1984 ዓ.ም. ከአየር መንገድ ባልደረባው ከአቶ ጢሞቴዎስ አበራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን ዮፍታሄን፣ ይኸውም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን፣ ወለዱ። ባለቤታቸው በ1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሲዛወሩ አብረው መጡ። በመጀመሪያ በሁርሊንግሃም፣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው በኪሌሌሽዋ ሰፈር ኖሩ። ሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው አቢግያ እዚሁ ናይሮቢ ተወለደች። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ጊጊሪ በሚገኝ ዓለም አቀፍ ድርጅት የመረጃ ክፍል ሠርተዋል።

ሆኖም ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከተገኙት ሴቶች ብዙዎቹ ወይዘሮ ሠርክን የሚያውቋቸው በቢሯቸው አይደለም፤ በሜዳ ዳር ነው። በ2001 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሠርክ የአሥር ዓመቷን አቢግያን ይዘው ከቤታቸው አቅራቢያ ባለ ሜዳ ሲያልፉ የሁለት ኮሌጅ ሴቶች ሲጋጠሙ አዩ። አቢግያ አጥቂዋን አይታ፣ «እማዬ፣ ያቺ ዘጠኝ ቁጥር ስንት ጎል አላት?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ሠርክም ጥያቄውን ወደ አሰልጣኙ ወደ ቶሚ ወሰዱት። ቶሚ፣ «አላውቅም ማማ፤ የወንዶቹን እንጂ የሴቶቹን ማንም አይጽፍም» አላቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ የናይሮቢ ተማሪዎች ካውንተር ቡክ የሚሉትን ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዙ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ የከተማዋ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ሴቶች ውድድር መዝገብ በእሳቸው እጅ ነበር። ጎል ያገባችውን፣ ኳሱን ያቀበለቻትን፣ ግብ ጠባቂዋ ያዳነችውን፣ ደቂቃውን ሳይቀር ጻፉ። ዝናብ ሲመጣ ደብተሩን ከሹራባቸው ሥር ይሸጉጡትና እሳቸው ይበሰብሱ ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ያላዩትን አይጽፉም። ሲጠራጠሩ ጨዋታው እንዳለቀ ዳኛውንና የሁለቱን ቡድን አምበሎች አቁመው ይጠይቃሉ፤ ሦስቱ የተስማሙበት ይጻፋል።

ከእሳቸው በፊት የተጫወቱትም እንዳይረሱ ስልክ እየደወሉ፣ አንዳንዴም በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ፣ እየሄዱ የቀድሞ ተጫዋቾችን ይፈልጉ ነበር። ቲካ ከተማ ውስጥ አትክልት የምትሸጥ አንዲት የቀድሞ ግብ ጠባቂ አግኝተው፣ ከጓደኞቿና ከአሮጌ የፕሮግራም ወረቀቶች አጣርተው፣ በአንድ ዓመት አሥራ አንድ ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርባት መውጣቷን ነገሯት። ሴትዮዋ ቲማቲሟን ትታ ተቀመጠች። «እኔ እንኳ ሕልም ይመስለኝ ጀምሮ ነበር» አለቻቸው።

በመዝገባቸው ትልቁን ቁጥር የያዘችው የኢስሊ ሰፈር ነጋዴው የአቶ አብዱረህማን ልጅ ላሚያ ነበረች። ላሚያ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በአራት የውድድር ዓመታት አርባ ሰባት ጎል አገባች። አባቷ ልጃቸው ኳስ መጫወቷን ያውቁ ነበር እንጂ በከተማው እሷን የሚያህል አጥቂ አለመኖሩን አያውቁም ነበር። ወይዘሮ ሠርክ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገው ሱቃቸው ድረስ ወስደው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አቢግያ ያደገችው በእነዚህ ሜዳዎች ዳር ነው። በ2009 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በቶሚ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለበሰች። ወይዘሮ ሠርክ የልጃቸው ቡድን ሲጫወት አያጨበጭቡም፣ አይጮኹም ነበር፤ እርሳሳቸውን አጥብቀው ይይዙ እንደነበር ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሁሉ ያስታውሳል። አቢግያ በመጨረሻው ዓመቷ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ስትደርስ አርባ ሰባት ጎል ነበራት። ከላሚያ ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው።

ያ ጨዋታ የካቲት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት ተደረገ። በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ግቡ ፊት ስምንት ዘጠኝ ልጆች ተደራርበው ወደቁ፤ ኳሱም መረብ ውስጥ ተገኘ። አቢግያ እጆቿን ዘርግታ ሮጠች፤ ጓደኞቿም ከላይዋ ላይ ተከመሩ። ዳኛው ጎሉን አጸደቀ። ወይዘሮ ሠርክ ሄደው ማን እንዳገባችው ሲጠይቁት፣ «የእርስዎ ልጅ ናት ማማ፤ ደስ ያለዎትን ይጻፉ» አላቸው። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡና፣ ተከላካይዋ በራሷ ግብ ላይ ያስቆጠረችው ብለው ጻፉ።

አቢግያ ላቧ ሳይደርቅ መጣች። «እማዬ፣ ጻፍሽው?»

«የተከላካይዋ ጉልበት መሰለኝ፣ ልጄ።»

«እግሬን ነክቶኛል እኮ!»

«እኔ አላየሁም።»

«ሰው ሁሉ አይቷል። ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ» ብላ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ሄደች።

ቶሚ ለመናቸው። ላሚያ ራሷ ከኢስሊ ደውላ፣ «እትዬ ሠርክ፣ ይስጧት። እኔ ወልጃለሁ፣ ኳስም ትቻለሁ፤ ቅር አይለኝም» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «መዝገቡ የእኔ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጣት ነበር፣ ላሚያ» ብለው መለሱላት።

ከወር በኋላ ኮሮና ገባና ሜዳዎቹ ተዘጉ። አቢግያ በተመረቀች በጥቂት ወራት፣ በጥር 2013 ዓ.ም.፣ ኪጋሊ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ለአምስት ዓመት ያህልም ወደ ቤት አልመጣችም። ኪጋሊ ከናይሮቢ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። አባቷ የአየር መንገድ ሰው ስለነበሩ ትኬትም አይቸግርም ነበር። ወይዘሮ ሠርክ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውሉላታል፤ እሷም፣ «ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትልና ትዘጋለች። ሁለት ጊዜ ሊያዩዋት ሻንጣ አዘጋጁ፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ «አሁን አትምጪ፣ እማዬ» ስትላቸው ያጣጠፉትን ልብስ እያወጡ መልሰው ሰቀሉት። መዝገባቸውን አላቋረጡም። ነገር ግን ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የተሠራች ልጅ ሜዳ ላይ ከጀርባዋ ሲያዩ እርሳሳቸው ይቆም ነበር። የእነዚያን ዓመታት ደብተር የከፈተ ሰው የደቂቃው ቦታ ባዶ የሆነባቸውን ገጾች ያገኛል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገጽ አንድም የለም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ ሠርክ በጉበት ሕመም ተያዙ። በሐኪሞች ሲረዱ ቢቆዩም ሕመሙ እየጸና ሄደ። ለአቢግያ እንዳይነገራት አጥብቀው ከለከሉ፤ «ሕመሜ አይደለም የሚያመጣት፤ ስትፈልግ ትምጣ» ይሉ ነበር። በጥቅምት ወር ዘጠኙን ደብተሮች በረንዳ ላይ አስመጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዙ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ዮፍታሄን ጠሩት።

«ማን እንዳገባችው ያላየሁት አሥራ አራት ጎል አለ» አሉት። «በአሥራ ሦስቱ አምበሎቹን ጠይቄያለሁ። በአቢግያ ጊዜ አልጠየቅሁም።»

ዮፍታሄ ለምን እንዳልጠየቁ ሲጠይቃቸው፣ «ለልጇ አደላች እንዳልባል ፈራሁ። የሰው ልጅ ብትሆን እጠይቅላት ነበር። ልጄ ስለሆነች በደልኳት» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አቶ ጢሞቴዎስ፣ «ሠርክዬ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ራስሽን አታድክሚ» ቢሏቸውም አልሰሙም። በዚያው ዕለት መልእክት አጽፈው ላኩ፦ «አቢዬ፣ ያን ቀን አምበሎቹን ሳልጠይቅ መዝገቡን ዘጋሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነይና በእጄ ላርመው።»

አራት ቀን መልስ አልመጣም። በእነዚያ ቀናት የበሩ ደወል በተደወለ ቁጥር አንገታቸውን ከትራሱ ያነሱ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ኅዳር 3፣ አቢግያ ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። ምን ያህል እንደታመሙ ያወቀችው እናቷን ያን ጊዜ ስታይ ነበር። ወይዘሮ ሠርክ ደብተሩን ከፍተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቋት ነበር።

«ነይ ተቀመጪ። አርባ ስምንት ብዬ ልጻፍልሽ» አሏት።

አቢግያ እጃቸውን ያዘች። «አትጻፊ፣ እማዬ። እግሬን አልነካኝም። ጉልበቷ ነው። ያን ቀንም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት?»

«መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን አፈርኩ። ፊቴን ካየሽ የምታውቂብኝ መሰለኝ፤ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ መምጣቱ ከበደኝ።»

ወይዘሮ ሠርክ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ሳቃቸው መጣ፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያም የልጃቸውን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ «አንቺ አፍረሽ፣ እኔ ፈርቼ! ያን ሁሉ ቀን አሁን ማን ይመልስልናል?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ወጣን።

ይህ ነገር ተጽፎ በእናቷ ቀብር ላይ እንዲነበብ የጠየቀችው ራሷ አቢግያ ናት። ላሚያም እዚህ ከእኛ ጋር ቆማለች። ሁለቱም አርባ ሰባት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሠርክ ስለ ኳስ አንድም ቃል አላነሱም። የፈለጉት ኪጋሊን ነበር። ቤቷ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ጎረቤቷ ማን እንደሆነች፣ ስትታመም ማን ሾርባ እንዳመጣላት፣ በዓል ሲመጣ የት እንደምትውል ጠየቋት። እዚያ ከተማ አንድ ቀን ሳይውሉ ከተማዋን ለማወቅ ቸኮሉ። ከሁሉ በላይ የሚወዱት አቢግያ ጠዋት ከቤቷ ወጥታ ቢሮዋ የምትደርስበትን መንገድ ስትነግራቸው ነበር፦ የግቢው በር፣ ቁልቁለቱ፣ አቮካዶ የምትሸጠው ሴት፣ የሞተር ሳይክሎቹ ተራ፣ ድልድዩ፣ ከዚያ ዳገቱ። ሲያዳምጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲነቁ ደግሞ፣ «ከበሩ ጀምሪልኝ» ይላሉ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት፣ አቢግያ መንገዱን እየነገረቻቸው፣ ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር እጃቸው እጇ ውስጥ ላላ። እሷ ግን ንግግሯን አላቋረጠችም፤ ዳገቱን ወጥታ፣ ቢሮው በር ደርሳ፣ ዘበኛውን ሰላም እስክትል ድረስ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሠርክ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም በዚህ ሁኔታ ዐረፉ።

ወይዘሮ ሠርክ ገብረመድህን ከባለቤታቸው ከአቶ ጢሞቴዎስ አበራ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የዮፍታሄ ልጅ የትንሿ ሚዛን አያት ነበሩ። ድሬዳዋ የሚኖሩ እህታቸውም በሕይወት አሉ።

ያላዩትን ላለመጻፍ የተጠነቀቁትን እናታችንን፣ ሁሉን የሚያይ አምላክ በምሕረት ዓይኑ ይመልከታቸው፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን። ለአባታችን ብርታትን፣ ለአቢግያ መጽናናትን ይስጥልን። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈልልን። አሜን።

ቤተሰቦቻቸው
ናይሮቢ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.