ክፍል ሳትገባ የምርቃት ክፍያ ስለተጠየቀችው ልጄ

ይድረስ ለክቡር አቶ ጌትነት ላቀው፣ የደጋ ጮራ ኮሌጅ ዲን፣
ደብረ ታቦር።

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ሠራተኞችዎም፣ በየገበያው የሚዞረው የድምፅ ማጉያዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በታች ጋይንት አርብ ገበያ ምስርና ባቄላ የምነግደው ዘርፌ አስናቀ፣ ከአንዲት ወረቀት ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የምናፍቃት ወረቀት የልጄ የትርሲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዋናው የውጤት ማስረጃ ናት፤ ያለችውም በእርስዎ መዝገብ ቤት ነው። መንግሥት የመደባት ዩኒቨርሲቲ ምዝገባውን የሚዘጋው በመጪው ሰኞ ሲሆን፣ ዋናውን ማስረጃ ያልያዘ ተማሪ አይመዘግብም። መንገዱም ቀናት ይፈጃል። ይህን ከመጀመሪያው የገለጽሁት፣ ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ባይታደሉ እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝም፣ ከዚህ በታች የማቀርበው በንዴት የተጋነነ እንዳልሆነ በትሕትና አረጋግጣለሁ።

አንደኛ። ኮሌጃችሁ ድሃን ፍለጋ ደጃችን ድረስ በመምጣቱ አመሰግናለሁ። አንድ አርብ ቀን ገበያው ደርቶ ሳለ መኪናችሁ በአህዮቹ መካከል ቆማ «ሰማንያ በመቶ ነፃ የትምህርት ዕድል፤ ቦታው ሳይሞላ» እያለች ስትጣራ፣ የምሰፍርበትን ጣሳ አስቀምጬ ነው ያዳመጥኋት። የመንግሥቱ ምደባ ያን ጊዜ ገና አልወጣም ነበር። በዚህ ዘመን ልጅን ሩቅ አገር መላክ እናትን ምን እንደሚያደርጋት ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጎረቤት ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ እንኳ መኪናቸው መግባቱን እስክንሰማ እህል በጉሮሯችን አይወርድም። ደብረ ታቦር ግን ጠዋት ተነሥቶ በቀን የሚደረስበት ነው። ፍርሃቴን አውቃችሁ የመጣችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ዋጋ ያወጣችሁለትም እናንተው።

ሁለተኛ። በዚህ ዕድሜዬ ሒሳብ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰማንያው የሚቀነሰው ከትምህርት ክፍያው ብቻ ኖሯል፤ ከመመዝገቢያው፣ ከቤተ ሙከራው፣ ከመታወቂያው፣ ከደንብ ልብሱና «የግቢ ልማት» ከተባለው አይቀነስም። እሱም ቢሆን ለመጀመሪያው መንፈቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ «እንደ ሁኔታው እየታየ» ተብሏል። የሚያየው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ ነጋዴ ነኝና የማየው የተቀነሰውን ሳይሆን የቀረውን ነው። የቀረውን ከቤት ኪራይና ከልጅቷ ቀለብ ጋር ደምሬ በአራት ዓመት ሳበዛው፣ ነፃው ዕድላችሁ ሱቄን ከነቆርቆሮው ይዞት የሚሄድ ሆነ። ምደባው ሲወጣ የመንግሥቱንም አሰላሁት፤ መኝታውና ምግቡ እዚያው ነው፣ የወጪ መጋራቱን ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ትከፍላለች። ርቀቱ ያስፈራል፤ ፍርሃት ግን በየወሩ ኪራይ አይጠይቅም። ያም ሆኖ የምትማረው እሷ ናትና ጠየቅኋት። «እማዬ፣ አንቺ የምትፈሪው መንገዱን ነው፤ እኔ የምፈራው ሁለተኛው ዓመት ላይ ገንዘቡ አልቆ መቅረትን ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የምመዝነው አልነበረኝም።

ሦስተኛ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን የራሴን የቋንቋ ድካም ማሳወቂያ ነው። ስትመዘገብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ወይዘሪት ኤደን የትርሲትን ማስረጃ «ለማመሳከር» ተቀብላ ውሉን አነበበችልኝ። «ዕድሉ ምርቃትን አይጨምርም» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። በየፊናችን እንደሳቅን የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ ገበያ ምስሩ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ገዥው «እስቲ መርቂኝ» ይላል፤ እኔም አንድ እፍኝ ከላይ ጣል አደርግለታለሁ፤ ምርቃት እሷ ናት። ስለዚህ «ዋጋችን ቁርጥ ነው፤ ጭማሪ አትጠይቁን» ማለታችሁ መስሎኝ፣ ይሉኝታ የማያጠቃው ቀጥተኛ ሻጭ አገኘሁ ብዬ ፈረምሁ።

ምደባው ወጥቶ ማስረጃዋን ልንወስድ ስንመለስ ነው ወይዘሪት ኤደን ያስረዳችኝ። ምርቃት ማለት የመመረቂያው በዓል ክፍያ ነው፤ ጋዋኑ፣ ፎቶው፣ ድንኳኑ። የሚከፈለው በቅድሚያ ነው፤ ያልከፈለ ማስረጃውን አይወስድም። «የኔ ልጅ፣ እሷ እኮ ክፍል አልገባችም፤ ከምኑ ልትመረቅ ነው?» ብላት፣ «ሲስተሙ አይለቀውም፣ እናቴ፤ እኔ ምን ላድርግ» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም፤ ክፍያው ከእሷ የወር ደመወዝ እንደሚበልጥ ከፊቷ አንብቤያለሁ። እኔ ግን በዓለም ላይ ከትምህርቱ ቀድሞ ድንኳን የሚተክል ኮሌጅ በደብረ ታቦር መገኘቱን አላውቅም ነበርና፣ ስላሳወቃችሁኝ ባለ ውለታችሁ ነኝ።

አራተኛ። ነገሩን ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ባጫውታቸው፣ «እኛ ዘንድ ደቀ መዝሙር ሲመረቅ መምህሩ እጁን ራሱ ላይ ይጭንበታል እንጂ ኪሱ ውስጥ አይከትበትም» አሉኝ። እኔም የዘመኑ ትምህርት እንደ ቆሎ ተማሪ ቤት ሊሆን እንደማይችል ስለ እናንተ ተከራከርሁላችሁ። አልረታኋቸውም።

አምስተኛ። ከልብ ይቅርታ የምጠይቅበት ጉዳይ አለኝ። በዚያው ቀን ኮሪደራችሁ ላይ ከኋላችን አንድ የስማዳ አባት ከነልጃቸው ቆመው ነበር፤ ከወገዳ መምጣታቸው ነው። እስክሪብቶውን ይዘው ሊፈርሙ ሲሉ ዝም ማለት አልሆነልኝምና ምርቃት ማለት በእናንተ ዘንድ ምን እንደሆነ ነገርኋቸው። «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ» ብለው እስክሪብቶውን አስቀምጠው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ደንበኛ ስላሳጣኋችሁ አዝናለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። የከፈልሁትን የመመዝገቢያ ገንዘብ አልጠይቅም፤ የተማርሁበት ስለሆነ ይቅርላችሁ። ማስረጃዋን ግን እስከ ሐሙስ ማታ እንዲለቁልን ክቡርነትዎን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ይህ የማይመችዎ ከሆነም ችግር የለም፤ አርብ መኪናችሁ ስትመጣ የምትቆምበትን ቦታ ራሴ አስጠርጌ እጠብቃታለሁ። ከጎኗ ቆሜም የውሉን ትርጉም ለገበያተኛው በነፃ አስረዳላችኋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ዋጋ ሲጠራ የኖረ ጉሮሮ ስላለኝ ማጉያ አታውሱኝ።

ዕውቀትን ለድሃ ልጅ በቅድሚያ ክፍያ ለማድረስ ሌት ተቀን የሚደክሙትን ክቡርነትዎን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለኮሌጅዎ ውሉን አንብቦ የሚፈርም ወላጅ እንዲያበዛልዎ እየተመኘሁ፣

የአንድ ፊርማ ደንበኛዎ፣
ዘርፌ አስናቀ፣
አርብ ገበያ፣ ረቡዕ ተጻፈ።

ግልባጭ፦
ለገበያችን መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለመካነ ኢየሱስና ለወገዳ መናኸሪያዎች፤
ልጃቸው ዘንድሮ ተፈትኖ ላለፈላቸው ወላጆች ሁሉ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ማለዳ ግልባጩን ልለጥፍ ስወጣ ከቢሮዎ ተደወለልኝ፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷችኋል። ደብዳቤውን ካስቀረሁት ትርሲት መቶ በመቶ በነፃ ልትማር እንደምትችል በታላቅ ትሕትና ተነገረኝ። ትናንት ያልነበረ ዕድል ዛሬ ከየት መጣ ብዬ አላስቸገርሁም፤ «ወረቀቷስ?» ብቻ ብል ስልኩ ተዘጋ። ትርሲት አጠገቤ ሆና ስትሰማ ነበርና ልብሷን ሸክፋ ተነሣች። ግልባጩ ተለጥፏል። የዚህን ደብዳቤ ዋናውን የሚያቀብልዎ እሷው ስለሆነች ይህን ሲያነቡ ከፊትዎ ቆማለች፤ ከእርስዎ ቢሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ነው የምትቀጥለው፣ ወደ እኔ አትመለስም። እባክዎ ነገ ነይ አይበሏት፤ የቀሯት ቀናት ለመንገዱ ብቻ የሚበቁ ናቸው።