ማድ ቤቱ ገና የባንክ ነው

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ

ዛሬም አንሶላ። ስልሳ ሁለት የሆቴል አንሶላ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ አጠፍኩ። አሁን የምሳ ሰዓት ነው፤ ላውንደሪው ውስጥ የትራስ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ምሳዬ የትናንት ሩዝ። አለቃችን አየኝና «ዛሬም ሩዝ? ተጋባችሁ እንዴ?» አለኝ። ይሳቅ። በብድር ቤት የገዛ ሰው ምን እንደሚበላ የሚያውቀው በብድር ቤት የገዛ ብቻ ነው።

ቤት ስገባ ደግሞ ማጠብ። ሳህን፣ ዩኒፎርም፣ የሰውዬው ሸሚዝ። ቀን የሰው እድፍ፣ ማታ የራሴ… ሰውዬው ያልኩት ባሌን ነው (ለራሴ ምን አስረዳለሁ?)። አውቶቡስ ነጂ ነው። እሁድም ይነዳል፣ የእሁዱ አበል ለቤቱ ዕዳ ስለሚሄድ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ እሁድ እንኳ ቤት አልዋለም። ሦስት ዓመት ይቀረናል።

ጥቅምት 5

ደብዳቤ! ከባንኩ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ሰኔ 30 ቀሪውን ዋና ዕዳ በሙሉ ለከፈለ ደንበኛ የመጪዎቹ ዓመታት ወለድ ይቀርለታል። ይቀርለታል!

ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። የሰውዬው እናት ናቸው፣ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ደከም ብሏል።

«እማማ፣ ወለዱ ሊቀርልን ነው!»

«ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም። ወለድ! የባንኩ!»

«ባንኩ? አሁንም?» አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይሄ ባንክ በየወሩ ነው እንዴ የሚወልደው? አሳዳጊው ደግሞ ልጄ!»

ሰውዬው ሲመጣ እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። ደመረ፣ ቀነሰ፣ ጭንቅላቱን አከከ። ታክሲ ከቀረ፣ የተዘጋጀ ምግብ መግዛት ከቀረ፣ እኔ ከሥራ መልስ የጎረቤት ልብስ ተኩሼ ካስከፈልኩ… ይደርሳል። ለጥቂት! ከዚያ በኋላ እሁድ የኛ ነው። እሁድ! ምን ይሠራበታል? እንዴት እንደሚዋልበት እንኳ ረስተነዋል።

ጥቅምት 7፣ እሁድ

ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ ስብሰባ ተቀመጥን። ሰብሳቢዋ ልጃችን፣ ጠበቃዋ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ ክርክር ተሸንፋ አታውቅም።

«አንድ ቤት ገዛን ትላላችሁ» አለች። «ማድ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ሌላ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት። አምስት ቤት ነው የምናጸዳው! ቤት ያልተባለው ሳሎኑ ብቻ ነው።»

አባቷ «እንግዲያው እስከ ዛሬ የከፈልነው የሳሎኑን ነው» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ሳሎኑ የኛ፣ አምስቱ ቤቶች የባንክ። በአምስቱም በር ላይ «የባንክ» የሚል፣ ከጀርባው «የኛ» የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈች። የቀረው ዕዳ አንድ አምስተኛ በተጠራቀመ ቁጥር አንድ ወረቀት ይገለበጣል።

እኔ ተኩስ ላይ ስለምሆን የቤቱ ሥራ ተከፋፈለ። ሳህን ለሰውዬው። መጥረግና መወልወል ለጠበቃዋ። አትክልት መክተፍ ለእማማ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» አሉ እማማ፣ ቢላዋውን እየመረጡ። ተራውን የዘለለ አሥር ይቀጣል። እማማ በዕድሜያቸው ቅናሽ ተፈቀደላቸው፣ ሁለት።

ከዚያ ሰውዬው ጣራውን እያየ «የሰው ሥራ መልሶ የሠራም ይቀጣ» አለ። ማንን ለማለት ነው? ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ምን አደረግኩ!

ቅጣቱ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል፣ ከላይ ቀዳዳ አለው። ዕዳው ሲያልቅ ይከፈትና አይስክሬም እንበላበታለን።

ጥቅምት 9

ከመደርደሪያው ሳህን አነሳሁ። ጠርዙ ቅባት። ሌላ አነሳሁ… እሱም። ሰው ሳህን አጠብኩ ብሎ እንዴት ጠርዙን ይረሳል? ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ሁለቱን ብቻ ቶሎ አጠብኳቸው።

«እማዬ፣ ሃያ።»

ከየት መጣች?

ኅዳር 27

ዕቃ ቤቱ የኛ ሆነ!!! ወረቀቱን እማማ ገለበጡት። ከዚያ ምን እንደነካን አላውቅም፣ አራታችንም ገባንና በሩን ዘጋነው። መጥረጊያው አንገቴ ላይ፣ የእማማ ክርን ሆዴ ላይ። ጨለማ ውስጥ ቆመን ሳቅን። «በገዛ ቤቴ ነው የቆምኩት» አለ ሰውዬው።

ታኅሣሥ 14

የማድ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሠራተኛ ጠርተን አንከፍልም፣ እኔ እሠራዋለሁ አለ ሰውዬው። መፍቻ ተዋሰ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል… ውሃው እስከ ጣራ! ጠበቃዋ በባልዲ፣ እኔ በፎጣ፣ እማማ ወንበር ላይ ቆመው ትእዛዝ በመስጠት። መጨረሻ ላይ ግን ሠራው። እውነቴን ነው፣ ሠራው! አሁን ጠብ አይልም። መሬቱን ሦስት ጊዜ ወለወልኩት። የጠበቃዋ ሥራ ስለሆነ ሠላሳ ተቀጣሁ።

ጥር 19

መታጠቢያ ቤቱ የኛ! ጠበቃዋ ገብታ አርባ ደቂቃ አልወጣችም። በሩን ስደበድብ «በራሴ ቤት ነው የምታጠበው!» አለችኝ። ቤቱ የኛ ነው፣ ውሃው ግን የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል።

መጋቢት 15

የእማማና የጠበቃዋ መኝታ ቤት! ሦስተኛው። እማማ በራቸው ላይ ቆመው ከዛሬ ጀምሮ አንኳኩታችሁ ግቡ አሉ።

መጋቢት 22

ተጣላን። ስለ ሳህን። በሳህን ሰው ይጣላል?

ስድስት ብርጭቆ መልሼ እያጠብኩ ደረሰብኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ነው ያጠባቸው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ደግሞ ቆሽሸዋል?»

«ትንሽ ሳሙና አለባቸው…»

«እኔ ያጠብኩትን መልሰሽ ስታጥቢ፣ እኔን ራሴን የምታጥቢኝ ነው የሚመስለኝ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ላይ ጎትተናል። አንድ ብርጭቆ እንኳ አታምኚኝም?»

ስልሳዬን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ይሰማል፣ ሆን ብሎ የሚጮህ ነው የሚመስለው።

እጄ እኮ ነው። ላውንደሪ ውስጥ አንድ ነጥብ እድፍ ከተገኘ ከደመወዝ ይቆረጣል። አሥራ አራት ዓመት እንደዚያ የኖረ እጅ ቤት ሲገባ በምን ያውቃል? ግን ይህንን ለሱ አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 23

ነገርኩት። እጄን ያዘና መዳፌን አየው። «እድፍ የለበትም፣ አልፏል» አለኝ። እንዴት እንደሳቅኩ!

ግንቦት 6

የኛ መኝታ ቤት! አራተኛው! አንድ ብቻ ቀረ፣ ማድ ቤቱ። ጠበቃዋን ምድጃውን ፈትጊ ብላት «ማድ ቤቱ ገና የባንክ ነው፣ ባንኩ ይምጣና ይፈትግ» አለችኝ። ሰውዬው ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ። «እኔ ታዲያ እስከ ዛሬ የማንን ሳህን ነው የማጥበው?»

ሰኔ 27

ሞላ!!! ደመርኩት፣ ደገምኩት፣ ሰውዬውም ደመረው፣ ጠበቃዋ በስልኳ ደመረችው። ሞላ! ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር እና የባንክ ደብተራችን ላይ ያለው ቁጥር እኩል ነው። ሐሙስ ሄደን እንከፍላለን፣ የማድ ቤቱ ወረቀትም ያን ቀን ይገለበጣል። ሰውዬው ፈቃድ ጠይቋል፣ እኔም። ልብስ ስተኩስ አንድ እጅጌ ሁለቴ ተኮስኩ።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ሳልጽፍ አልተኛም።

ሦስታችን ነበርን፣ እኔ፣ ሰውዬውና ጠበቃዋ። ወረፋው ረጅም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተራችን ደረሰ። ባንኩ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኛን አየች።

«የሰኔ ወር ወለድስ?»

«ወለዱ ይቀራል ይላል እኮ!»

«የመጪዎቹ ዓመታት ነው የሚቀረው። የዚህ ወር ይከፈላል። ይኸው…» ከደብዳቤው ግርጌ ባለች ትንሽ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት እኔ! አንሶላ ላይ የትንኝ እግር የማያመልጠኝ እኔ!

አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ኪሳችንን ገለበጥን፣ የአውቶቡስ መመለሻ ብቻ። ያለንን ሁሉ ለዛሬ አስገብተናል፣ ደመወዝ ገና ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ… ለዚህ? ሰውዬው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ሦስት ዓመት ምንም አይደል፣ እሁድን ለምጄዋለሁ» አለ። እንባዬ መጣ።

«ቆርቆሮው!» ብላ ጠበቃዋ ጮኸች። ጥበቃው ሳይቀር ዞረ።

ለእማማ ደወልን። «ቆርቆሮውን ይዘው ይምጡ!» «ማን ወለደ?» «እማማ፣ ቆርቆሮውን!» ሰውዬው ደግሞ በኛ ሰፈር ለሚያልፈው ጓደኛው ደወለ፣ ለአምስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር። እናቴን ከፌርማታ አንሣልኝ አለው። ቆምን። ሰዓቱን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ…

አሥር ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው እማማ ገቡ! በነጠላ ጫማቸው፣ ቆርቆሮውን በሻርፕ ጠቅልለው አቅፈው። ጥበቃው ሊፈትሽ ቢል «አይሰበርም፣ ቅጣት ነው» አሉት።

ፕላስተሩን በጥርሴ ቀደድኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳንቲሙን በአሥር በአሥር ስትደረድር ጠበቃዋ ደብተሯን ከፍታ አነበበች። «አባዬ ሦስት መቶ ሰማንያ። እማማ አሥራ ሁለት። እማዬ ዘጠኝ መቶ ሃያ። ድምር አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ዘጠኝ መቶ ሃያ! እኔ? ሰነፉ እሱ ነው እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የወቀስኩት እኔ? ሰውዬው አፉ ተከፍቶ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ባንኩ ውስጥ፣ እስኪያለቅስ። «ተባረኪ» አለኝ። «ሳህኔን ሁሉ ደግመሽ ያጠብሽ ተባረኪ።»

ማኅተሙ ተመታ። ጧ! እማማ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ የወለደው የመጨረሻው ነው?»

ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ በኋላ ተረዳች መሰለኝ። «የመጨረሻው ነው እማማ። ከእንግዲህ አይወልድም።»

በተረፈው አይስክሬም በላን። አራታችንም፣ ፌርማታው ላይ ቆመን። ቤት ስንደርስ የማድ ቤቱን ወረቀት ሰውዬው ገለበጠው።

ሐምሌ 3፣ እሁድ

እሁድ ነው፤ እሱም ቤት ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቅቶ ዩኒፎርሙን ግማሽ ለበሰው። ከዚያ ትዝ አለው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ እጅጌ እንደለበሰ ሳቀ። ቁርስ ሠራ፣ ዕንቁላሉ ትንሽ አረረ፣ በላነው። ሳህኑንም ራሱ አጠበ። እያፏጨ! ሲያፏጭ የሰማሁት መቼ ነበር?

አሁን ሳሎን ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ እማማ በጋዜጣ ዝንብ ይከላከሉለታል። እኔ ማድ ቤት ነኝ። በሩ ላይ «የኛ» ይላል። ቆርቆሮው ባዶ ነው፣ ቅጣትም ቀርቷል፣ ጠበቃዋ ራሷ ሽራዋለች። እንደፈለግኩ ማጠብ እችላለሁ።

ከመደርደሪያው አንድ ሳህን አነሳሁ። ጠርዙ ላይ ቅባት አለ።

መልሼ አስቀመጥኩት። ምሳ ሲደርስ እሱ ላይ ነው የምበላው።