የብሎክ ሰባት የቤት ቆጠራ

ሐሙስ፣ ግንቦት 11 ቀን

ለውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን፣ ባሏና ያቺ ለፍላፊ የልጅ ልጃችን ደህና ናቸው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ሸሚዝ መተኮስም ተምሬያለሁ፤ ኮሌታው ብቻ እሺ አላለኝም።

የሰፈራችን መሪ ፕላን እየተከለሰ መሆኑን ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው ሰፈር ነውና ቧንቧው ያፈሳል፣ የትምህርት ቤቱ ግማሽ ክፍል ተቆልፏል፣ ልጆቹም አድገው ሄደዋል። ስለዚህ የትኛው ብሎክ ባለበት እንደሚቆይ፣ የትኛው ፈርሶ ፎቅ እንደሚሠራበት መለየት አለበት። በፕላን ቢሮው ካርታውን የምነድፈው ደግሞ እኔው ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ቤት ለቤት እየዞርን በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር እንመዘግባለን። ከብሎኩ ቤቶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ሰው እንኳ ከሌለ፣ ብሎኩ ይፈርሳል። ከዓመት በላይ የራቀ ሰው የሚቆጠረው፣ በዚህ ዓመት እንደሚመለስ ቤተሰቡ ከፈረመለት ብቻ ነው። ደንቡ ሲረቀቅ እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ጥሩ ደንብ ነው ብዬ እጄን አውጥቻለሁ።

የእኛ ብሎክ ሃያ ቤት አለው። አሥሩ ባዶ ናቸው ወይም አንድ ሰው ብቻ ቀርቶባቸዋል። አሥራ አንደኛ ሊሆን የሚችለው የእኛ ቤት ነበር።

ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ብለህ ጻፍ። እሷ እንደሆነች መጣሁ መጣሁ እያለች ነው።»

«ቢሮው አይቀበልም እኮ።»

«ቢሮው ማነው? አንተ አይደለህም እንዴ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ የት ልግባ?»

አንጀቴን በላችው። ሁለት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከሰዓት ቅጹን ለቡድን መሪያችን ሰጠኋት። ልጃችንን የምታክል ኢንጂነር ናት። አየችውና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እትዬ ዘንድሮ ይመጣሉ ማለት ነው?»

አዎ ማለት ምን ይከብዳል? ቅጹን ከፊቷ መልሼ አነሣሁት። ልጃችን ዘንድ ለስድስት ወር ብለሽ ከሄድሽ ይኸው ሦስተኛ ዓመትሽ ነው። መቼ ትመጫለሽ ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩልሽ። አንዴ ስለ ሕፃኗ ጉንፋን፣ አንዴ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት፣ ሌላ ጊዜ ስለ አዲሱ መጋረጃ መለስሽልኝ። ለአራተኛው ጭራሽ አልመለስሽም።

«ይውሰዱትና ነገ ይመልሱልኝ» አለችኝ ልጅቷ፣ ፊቴን ሳታይ። አላስፈለገም። እዚያው ቆሜ ሁለቱን ሰረዝኩና አንድ ብዬ ጻፍኩ።

መዋሸት አቅቶኝ እንዳይመስልሽ። ፊርማዬን እንዳለ ብተወው ኖሮ ዓመቱን ሙሉ በር በሩን ሳይ እኖር ነበር፤ እሱ ነው የደከመኝ። ለእኔ ድካም ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ይነሣል። ዛሬ ጠዋት ካርታው ላይ የብሎካችንን ቀለም ለወጥኩ። ልብስ ሰፊዋ ገና አልሰማችም። ወደ ቤት ስመለስ «እግዜር ይስጥህ፣ አተረፍከን» አለችኝ፤ እኔም አሜን ብዬ አለፍኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እስኪፈርስ ሁለት ዓመት ሰጥተውናል። ቁም ሣጥንሽን ከፍቼ ልብስሽን መለየት ጀምሬያለሁ። ወፍራሙን ካፖርትሽን በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሻለሁ፤ እዚያ ያስፈልግሻል። ሌላም የምትፈልጊው ካለ ጻፊልኝ።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ሕፃኗን ለእድገት ያብቃት። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ።

የልጅሽ አባት