የጋሼ እሸቱ የፈገግታ ፈተና

ሲሃምዬ፣

በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ፤ ሜልበርን ድረስ መጥቼ ካርታ አዳይ ሆኛለሁ። አጎቴ ጋሼ እሸቱ ቅዳሜ ካዚኖ ሄደው ብላክጃክ የሚሉትን የካርታ ቁማር መጫወት አማራቸው። ሚስታቸው እትዬ ወሰንየለሽ፣ "መጀመሪያ እዚሁ ቤት በገንዘብ ፈንታ በሽምብራ ተጫወት። አስር ጊዜ ተሸንፈህ ሳታኮርፍ ከተነሣህ ትሄዳለህ" አሏቸው።

ጋሼ ተሸነፉ፣ ፈገግ አሉ፤ ተሸነፉ፣ ፈገግ አሉ። በዘጠነኛው ፈገግታቸው እዚያ ሰፈራችን ፎቶ ቤት እንደተሰቀሉት ሙሽሮች ደርቆ ነበር። በአስረኛው ግን ከልባቸው እየሳቁ ተነሡ፤ አለፉ!

ችግሩ፣ እትዬ "እስቲ እኔም አንዴ ልሞክር" ብለው ተቀመጡ። ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተሸነፉ፣ እያኮረፉ፣ አልነሣም ብለዋል። ጋራዥ ውስጥ ተደብቄ ነው የምጽፍልሽ። ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን ኢዮሲያስንም በጣም ናፍቀሃታል በይው... ውይ፣ እትዬ ደረሱብኝ!

"ሂዊ! አየሁሽ እኮ! ነይ በውዢ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው!"